ቆጠራው እስኪያልቅ

«ላዩን ያዝልኝ፣ ላዩን» አለ አናጢው። «ከታች እኔ አለሁ።»

አማቹ፣ የልጁ ባል፣ ግድግዳውን በሁለት እጁ አቅፎ ቆመ። አናጢው ተንበርክኮ የመጨረሻውን ብሎን በመፍቻ አዞረው። ብሎኑ ወጣ። በሞራሌ እንጨት ላይ የተለበጠው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ከነመስኮቱ ተላቀቀ፤ ሁለቱ ተጋግዘው ተሸከሙትና አጥሩ ሥር አስደገፉት። ጣሪያው ቀደም ብሎ ወርዷል። ክፍሉ የነበረበት ቦታ ላይ አልጋ ብቻ ቀረ፤ ከነአንሶላው፣ ፀሐይ ላይ። የአናጢው ልጅ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። አልተነሳችም።

ደንብ አስከባሪው በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«ጋሽ ብሎን፣ እጅዎን ይባርከው» አለ። «እኔ አንድ ማጠፊያ ለመንቀል ጠዋት ጀምሬ ከሰዓት አልጨርስም።»

«ሚስማር ስለምትወድ ነው።»

«የዛሬው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ተመልሶ አይገጠምም።»

የድሮውን ሁሉም ያውቀዋል። ቁጥጥር ሲመጣ ክፍሉ ይፈታል፣ ቁጥጥር ሲሄድ ይገጠማል። ደንብ አስከባሪው ራሱ እንደሚመጣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ በሰው መልእክት ይልክ ነበር።

«ሰፈሩ ከአየር ፎቶ ይነሳል። አንድ ትርፍ ጣሪያ ከታየ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ልጆች አሉኝ።»

«እኔም ልጅ አለችኝ» አለ አናጢው፣ ወደ አልጋው በአገጩ እያመለከተ።

«እሷም ከአየር ጥሩ ትታያለች» አለች ልጅቱ።

ደንብ አስከባሪው ሊስቅ ብሎ ተወው። ከሰርጓ ወዲህ ክፍሉ ሲፈታባት ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። አማቹ በያጅ ነው። እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ «ጋሼ፣ እኔ በይጄው ቢሆን እኮ ማንም አይፈታውም ነበር» አለ።

«ለዚህ እኮ ነው የማላስበይድህ። አንተ ያጣበቅከውን የሚያነሳው ዶዘር ነው። ዶዘር ሲያነሳ ደግሞ የሚተርፍ የለም።»

ከምሳ በኋላ ልጅቱ አባቷ አጠገብ መጥታ ቁጭ አለች። የባሏ አገር የአንድ ቀን የአውቶብስ መንገድ ነው። እዚያ አባቱ ሁለት ክፍል ለቆላቸዋል።

«አባዬ፣ እንሄዳለን።»

«ፎቶው እስኪነሳ ነው። ከዚያ እገጥመዋለሁ።»

«አውቃለሁ። ግን እኔ ግድግዳዬን በማየው ቁጥር መፍቻ ነው የሚታየኝ። ከአንተ መራቅ ፈልጌ አይደለም።»

አናጢው ብሎኖቹን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ወተት ጣሳ መለሳቸው። «ቢሆንም» አለና ጣሳውን ከደነ።

*

ስሙ ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን ብሎን ይለዋል። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሚስማር መትቶ አያውቅም። ቁም ሣጥኑ፣ ጠረጴዛው፣ በሩ፣ ሁሉም ተፈትቶ ይጠቀለላል። ይህን ያስተማረው የሙያ ትምህርት ቤት አይደለም። ያስተማረው አውሮፕላን ማረፊያው ነው።

ከሰፈሩ አጥር ወዲያ ያለው ማረፊያ አውሮፕላን የሚያርፍበትና የሚነሳበት አንድ መንደርደሪያ ብቻ ነበረው። አናጢው ሚስት ባገባበት ዓመት ገመድና ችካል የያዙ ሰዎች መጥተው ሰፈሩን ለኩ፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይም በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። መንገደኛው እየበዛ ነው፣ አንዱ መንደርደሪያ አይበቃም፣ ሁለተኛው በእናንተ ላይ ያልፋል፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ትነሳላችሁ ተባለ። አምስት ዓመቱ አለፈና ሌሎች አጥኚዎች መጡ። እነሱም በአምስት ዓመት ውስጥ አሉ። ከዚያ በኋላ የመጡትም እንደዚያው። እስከዚያው መሬቱ ተይዟል። ያለውን ቤት መጠገን ይቻላል፤ ክፍል መጨመር፣ ሲሚንቶ ማፍሰስ፣ መሠረት መቆፈር ክልክል ነው።

ሰፈሩ ከዚህ ጋር ኖረ። ሰዎች ዛፍ መሬት ላይ መትከል ትተው በበርሜል ይተክሉ ጀመር፤ ሲነሱ ይዘውት እንዲሄዱ። የአናጢው ሚስት ሎሚ በበርሜል አላት። በየዓመቱ ያብባል፣ አበባውን ያራግፋል፣ ፍሬ አይዝም። «ሥሩ ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል» ትላለች። «እንደ ሁላችንም» ይላታል ባሏ። ጡረታ የወጣ ሰው ስለ ቤቱ ሲጠየቅ «ልነሳ ነው» ይላል። ሲያገባም «ልነሳ ነው» ሲል የነበረ ሰው ነው።

አንድ ልጅ ወለዱ። ሌላ አልመጣም። አናጢው ለልጁ የነበረው ሐሳብ አንድ ነበር፤ ብታገባም ግቢው ውስጥ እንድትኖር። አንድ ክፍል፣ የራሷ በር፣ የራሷ መስኮት። ይህን ያህል ነው።

*

እሷ ከሄደች በኋላ ስብሰባ ተጠራ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ለሕፃናት በተሠራ ወንበር ላይ ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ከማረፊያው የዕቅድ ክፍል የመጣችው ኢንጂነር ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ የምትናገር ሴት ናት። ግድግዳው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አሳየች። መስመሩ የመንገደኛው ቁጥር ነው።

«ችግራችን ቀኑን ሙሉ አይደለም» አለች። «ጠዋት ነው። ጠዋት ሁሉም ማረፍ ይፈልጋል። አንዱ መንደርደሪያው ላይ ሳለ ሌሎቹ አየር ላይ እየዞሩ ተራ ይጠብቃሉ። ይሄ መስመር እንደተገመተው ከቀጠለ ተራው አያልቅም።»

የአናጢው ጎረቤት ልብስ ሰፊው እጁን አወጣ። «ታዲያ ከሰዓት ቢመጡስ? እኛ ደንበኛ ሲበዛብን ነገ ና ነው የምንለው።»

አዳራሹ ሳቀ። እሷም ሳቀች። «ሱሪ ነገን ይጠብቃል» አለች። «ነዳጅ ግን አይጠብቅም።»

ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ስለ ምትክ ተናገረች። ለሚነሳ ሰው ምትክ ቦታና ቤት ይሰጣል። ነገር ግን መጀመሪያ ቆጠራ አለ። በቆጠራው ዕለት ባለቤቱ ራሱ ቤቱ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ውክልና የለም። ባለፈው ቆጠራ ሰዎች ባዶ ቤት ገዝተው፣ ዘመድ አስቀምጠው አስቆጥረዋልና።

ይህን ሲሰማ ልብስ ሰፊው ጭንቅላቱን አቀረቀረ። ባለፈው ቆጠራ እሱ ክፍለ አገር ነበር፤ እህቱ ታማ ሊጠይቃት ሄዶ። ሲመለስ ቤቱ «ነዋሪ የለም» ተብሎ ተመዝግቧል። የተወለደበት ቤት ነው። እስካሁን አቤት ይላል።

አናጢው ስብሰባው ሲበተን ኢንጂነሯን በር ላይ አገኛት።

«ምትክ ቦታው ላይ ክፍል መጨመር ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«በሲሚንቶ?»

«የእርስዎ ነው። በፈለጉት።»

«ልጅ አለችኝ። አግብታለች። ክፍል ልሠራላት ነው።»

«እንግዲያው በቆጠራው ቀን ከቤት እንዳይወጡ» አለች። በደግነት ነው ያለችው።

*

«አባዬ፣ ተቀምጠሃል?» አለች ልጁ በስልክ።

«ቆሜ ነው የምሠራው። ምን ሆንሽ?»

«አያት ልትሆን ነው።»

አናጢው መሮውን አስቀመጠ።

«ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ። አልጋውን የምሠራው እኔ ነኝ። ባልሽ ብረት እንዳያስነካብኝ።»

«በብሎን?»

«በምን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«እሺ። ሕፃኑ እያለበት እንዳትፈታው ብቻ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ስለ ምትክ ቦታው ነገራት፤ ስለ መሠረቱ፣ ስለ በሩ፣ መስኮቱ ወደ የት እንደሚዞር። እሷ አዳመጠች። አልተከራከረችውም።

«ስወልድ ግን ትመጣለህ አይደል? እማዬን ታውቃታለህ፤ ከኔ በላይ እሷ ናት የምትጮኸው። አንተ ብትኖር ይሻለኛል።»

«እመጣለሁ። አልጋውን ተሸክሜ እመጣለሁ።»

አልጋው እስከዛሬ ከሠራቸው ሁሉ ያማረ ሆነ። ጎኖቹ ሳይሰነጠቁ የታጠፉ፣ እግሮቹ ትንሽ የሚወዛወዙ። አናጢው ገጠመው፣ ወዘወዘው፣ ፈታው፣ በጆንያ ጠቀለለው። ብሎኖቹን ለብቻ በወተት ጣሳ አደረገ።

መውለጃዋ ሲቃረብ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈሩ ዞረች። ቆጠራው ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ይካሄዳል፤ ባለቤቶች ከቤታችሁ እንዳትለዩ።

ሚስቱ ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ አብረን እንሂድ።»

«ልብስ ሰፊውን አላየሽውም?»

«አየሁት። በሕይወት አለ።»

«ለማን ብዬ ነው የምቀመጠው? ለራሴ ይመስልሻል?»

«ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። እሷ የጠየቀችህ ግን ክፍል አይደለም።»

«ቆጠራው እስኪያልቅ ነው። በማግስቱ አውቶብስ እይዛለሁ።»

ሚስቱ ብቻዋን ሄደች። አልጋው ይከብዳታል ብሎ እሱ አስቀረው።

*

ቆጣሪዎቹ ከሰፈሩ ማዶ ጀመሩ። ቀስ ይላሉ፤ በየቤቱ ገብተው ይለካሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። አናጢው በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። በላዩ ላይ አውሮፕላኖች እየዞሩ ተራ ይጠብቃሉ። ከሥራ መልስ የሚያልፈው ሁሉ «እስካሁን አልደረሱህም?» ይለዋል።

ሚስቱ ደወለች። ምጡ ጀምሯል፣ እየቆየ ነው አለች። እንደገና ደወለች። ወደ ትልቁ ሆስፒታል አዛውረዋታል።

«ትጠራሃለች» አለች።

«ምን አለች?»

«አባዬ መጣ ወይ ነው የምትለው። ሌላ ነገር የላትም።»

«ሁለት ቤት ነው የቀረኝ። ነገ ጠዋት ይደርሱኛል። እንዳለቀ እነሳለሁ በያት።»

«አንተ በላት» አለች ሚስቱ። ስልኩን ግን ለልጅቱ ማቀበል አልተቻለም፤ ወደ ውስጥ አስገብተዋታል።

ልብስ ሰፊው አጥሩን ተደግፎ ሰምቶ ነበር። «ሂድ» አለው። «የማታ አውቶብስ አለ። በርህ ላይ እኔ እቆማለሁ። አሁን ወጣ፣ ገበያ ነው እላቸዋለሁ።»

«ውክልና የለም ብለዋል።»

«እኔ እንዲህ አፌ እንደምታየው ነው። ሦስት ቀን አወራቸዋለሁ።»

«አንተ ስትሄድ ማን ቆመልህ?»

ልብስ ሰፊው ከአጥሩ ቀና አለ። «ማንም» አለ። «ቤቱን አጣሁት። እህቴን ግን አየኋት። ከዚያ በኋላ ነው የሞተችው። ስታየኝ ምን አለች መሰለህ? ‹አንተ ከፋህ እንዴ፣ ከሳህ› አለችኝ። እሷ እየሞተች።»

አናጢው መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ አየውና መለሰው።

«ነገ ጠዋት ነው እኮ» አለ።

ጠዋት ስልኩ ጮኸ። አማቹ ነበር።

«ጋሼ» አለ።

«አቤት።»

«ሴት ናት። ሕፃኗ ደህና ናት።»

«እናቷስ?»

 ከአማቹ ኋላ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ከሰዎቹ መሃል አናጢው የሚስቱን ለቅሶ ለየ። ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ስልኩን እንደያዘ ቆሞ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ቆጣሪዎች ናቸው፤ አንዱ ሜትር ይዟል፣ ሌላዋ ታብሌት። እንዴት አደሩ አሉ። ደህና አላቸው። ግቡ አላቸው።

«የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» አለች ታብሌት የያዘችው።

«እኔ ነኝ።»

«መታወቂያ?»

ሰጣት።

«ባለቤትዎ አሉ?»

«አለች። ሄዳለች፤ ትመለሳለች።»

«ልጆች?»

አናጢው ወደ አጥሩ አየ። የተፈቱት ግድግዳዎች እንደተደገፉ ናቸው።

«አንዲት» አለ።

«አብራችሁ ነው የምትኖረው?»

«አይደለም።»

«የት ነው የምትኖረው?»

የአማቹን ከተማ ነገራት። ጻፈችው። በግቢው ሌላ ግንባታ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። የለም፣ ተፈትቷል አላት። ሜትር የያዘው ቤቱን ዞሮ ለካ። ሴትየዋ ታብሌቱን ዘረጋችለት፤ በጣቱ ፈረመ።  

«አለቀ?» አለ።

«አለቀ። ከአሁን በኋላ የፈለጉበት መሄድ ይችላሉ።»

በሩን ቆለፈ። ጆንያውን ተሸክሞ ወደ አውቶብስ ተራ ሄደ።

*

ሲደርስ ቀብሩ አልፏል። እዚያ ቆላ ነው፤ ሬሳ አይቆይም። ሰዎች ከድንኳኑ ሥር ብድግ ብድግ አሉለት። ሚስቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታቅፋለች። ቀና ብላ መጀመሪያ ጆንያውን፣ ከዚያ እሱን አየች።

«ተቆጠርክ?» አለችው።

«ተቆጠርኩ።»



በማግስቱ ጆንያውን ፈታ። እንጨቶቹን በተራ ደረደረ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ ወደ ጆንያው ሰደደ፣ ጆንያውን ገልብጦ አራገፈ። የወተቱ ጣሳ ቤት ቀርቷል፤ መሥሪያው ጠረጴዛ ላይ፣ በሩ አጠገብ። አማቹ ቆሞ ያየው ነበር። የከተማው ሱቆች ያ ልክ የላቸውም፤ አናጢው ብሎኖቹን ራሱ አስቆርጦ ነው ያሠራቸው። በመጨረሻ አማቹ ከጎረቤት መዶሻና ሚስማር ለመነና መጣ።

«ልምታው ጋሼ?»

አናጢው ሁለቱን እንጨቶች አጋጥሞ ያዘ።

«ምታ» አለ። «ላዩን ምታ። ከታች እኔ አለሁ።»

አማቹ በያጅ ነው፤ ሚስማር አያውቅበትም። አንዱ ጎን ተሰነጠቀ። አልጋው ግን ቆመ።

አናጢው ከሐዘኑ በኋላ ወደ ቤቱ ለመመለስ ሲነሳ ሚስቱ አልተነሳችም። ሕፃኗን ማን ያሳድጋታል አለች። ይህ እውነት ነው። ከዚያ ደግሞ «አንተ ቤቱን ጠብቅ» አለች። ይህንንም በቁጣ አላለችውም። በቁጣ ብትለው ይሻል እንደነበር አናጢው ኋላ ለልብስ ሰፊው ነግሮታል።

*

ኢንጂነሯ በሚቀጥለው ዓመት ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ስብሰባ አልጠራችም፤ ቤት ለቤት ነበር የምትዞረው። አናጢው ወንበር አቀረበላት።

«መንደርደሪያው አይሠራም» አለች። «ሰፈሩ አይነሳም። መሬቱ ሊለቀቅ ነው።»

አናጢው የሚቀጥለውን ጠበቀ።

«አዲስ ጥናት ተጠንቶ ነው። አውሮፕላን ካረፈ በኋላ መንደርደሪያው ላይ ብዙ ይቆይ ነበር። መውጫው ሩቅ ነው፤ እስከ ጫፍ ሄዶ ነው የሚታጠፈው። መሃል ላይ ፍጥነቱን ሳይጨርስ የሚታጠፍበት መውጫ ብንጨምር ቶሎ ይለቃል፣ ከኋላው ያለው ወዲያው ያርፋል። አንዱ መንደርደሪያ ለብዙ ዓመት ይበቃል።»

«ይሄ አዲስ ነገር ነው?»

«አይደለም። ሌላ ቦታ ድሮም ይሠራበታል።»

«ታዲያ ያኔ?»

ኢንጂነሯ ቦርሳዋን ከጉልበቷ ላይ አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ያኔ ማንም ሌላ መንገድ ፈልጉ አላለንም» አለች። «መሬቱ ተይዞ ነበራ። የተያዘ መሬት ሲኖር ሰው ሌላ አይፈልግም። እኔም አልፈለግኩም።»

«መሬቱ ስለተያዘ።»

«አዎ።»

አንድ አውሮፕላን በላያቸው አለፈ። እስኪያልፍ ሁለቱም ዝም አሉ፤ የሰፈሩ ልማድ ነው።

«አሁን መሥራት ይችላሉ» አለች። «በሲሚንቶ። ለልጄ ክፍል እሠራለሁ ብለውኝ ነበር፤ አስታውሳለሁ። እሷስ ደህና ናት?»

«እዚያው ናት» አለ አናጢው። «ባሏ አገር።»

ኢንጂነሯ ደስ ይላል አለች፤ አመሰገነችው፤ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች።

ክልከላው ዓመቱ ሳያልቅ ተነሳ። ሰፈሩ በሙሉ ሲሚንቶ ማቡካት ጀመረ። ልብስ ሰፊው ቤቱ በስሙ ተመለሰለትና ሁለት ክፍል ጨመረ። ደንብ አስከባሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። መውጫዎቹ ተሠርተው አለቁ፤ ጠዋት ጠዋት አየር ላይ የሚዞር የለም።

አናጢው ምንም አልጨመረም። የልጅ ልጁ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። ቤቱን አይታው አታውቅም።